ፈንገሱን ማዘዝ ባይቻልም ተርባይኑን ማዘዝ ይቻላል

በምዕራብ ካናዳ የምትገኘው ካልጋሪ ለሌሊት ወፎች ሁለት ሞት የሚገናኙባት አካባቢ ሆናለች። አንደኛው ሞት ከምሥራቅ የመጣ ነጭ ፈንገስ ነው። ከኒው ዮርክ ዋሻዎች ተነሥቶ አሥራ ስድስት ዓመት ያህል ከተጓዘ በኋላ የአልበርታን ምድር ረግጧል። ሁለተኛው ከከተማዋ በስተ ደቡብ፣ በሮኪ ተራሮች ግርጌ የቆመው የነፋስ ተርባይን ነው። ይህኛው ሰው አስቦ፣ አስልቶና ገንዘብ አውጥቶ ያቆመው፣ ለበጎ ዓላማም የታለመ መሣሪያ ነው።

ሁለቱ ሞቶች ግን እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ባለቤት የለውም፤ የሚጠየቅለትም የሚታዘዝለትም ሰው አይገኝም። ሁለተኛው ማብሪያና ማጥፊያ አለው። መፍትሔውም የተፈተነው ሩቅ አገር ሳይሆን በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ፣ በዚያው በደቡብ ምዕራብ አልበርታ ሜዳ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድና አጭር ነው፦ በሽታ የአንድን ፍጡር ቁጥር ካመነመነው በኋላ፣ ሊቀር የሚችል እያንዳንዱ ተጨማሪ ሞት ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ፈንገሱን ማቆም የማይችል ኅብረተሰብ ማቆም የሚችለውን የማቆም ግዴታ አለበት።

ከወፍም ከአይጥም ያልተቆጠረች

በኢትዮጵያ የሌሊት ወፍ መልካም ስም የላትም። ከወፍም ከአይጥም የማትቆጠር፣ ወገኗ የማይታወቅ፣ እንደ ሁኔታው የምትገለባበጥ ሰው ምሳሌ ሆና ኖራለች። በመሸ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ወይም ከዋሻ አፍ ስትወጣ የሚያያት ሰው ቢሸሻት እንጂ አይመርቃትም። በሰሜን አሜሪካም ዕጣዋ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ይሁንና ሳይንስ የሚያውቃት የሌሊት ወፍ ሌላ ናት። ወፍም አይጥም አይደለችም፤ ልጇን ወልዳ የምታጠባ፣ በእውነት መብረር የቻለች ብቸኛዋ አጥቢ እንስሳ ናት። በአልበርታ የሚታወቁት ዘጠኝ ያህል ዝርያዎች በሙሉ ነፍሳት በሊታ ናቸው። ከእነዚህ መካከል በብዛት ትታወቅ የነበረችው ትንሿ ቡናማ የሌሊት ወፍ ከሰባት እስከ አሥር ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንደ ማለት ነው። ከዚህ ትንሽነቷ ጋር የማይሄድ የሚመስለው ዕድሜዋ ነው። በዱር ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩ ተመዝግበዋል።

ረጅም ዕድሜ ግን ዋጋ አለው። አይጥ በዓመት ብዙ ጊዜ ብዙ ልጆች ስትወልድ፣ ትንሿ ቡናማ የሌሊት ወፍ የምትወልደው በዓመት አንድ ብቻ ነው። የዚህ ስሌት ትርጉም ግልጽ ነው። አይጥ በአንድ ወረርሽኝ ግማሽ ቁጥሯን ብታጣ በጥቂት ዓመታት ትተካዋለች። የሌሊት ወፍ ግን የጠፋባትን ለመተካት የሰውን ያህል ትውልድ ትጠብቃለች። ቀጥሎ የሚነገረው ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ሚዛን ነው።

እንቅልፍ የሚነሳው በሽታ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ከአልባኒ ከተማ ብዙም በማይርቀው የሃው ዋሻ ውስጥ፣ አፍንጫቸው ላይ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር ያለባቸው የሌሊት ወፎች ፎቶ ተነሣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ ፎቶው እንግዳ ነገር ከመሆን ያለፈ ትርጉም አልተሰጠውም ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን በአካባቢው ዋሻዎች ወለል ላይ በሺህ የሚቆጠር በድን ተገኘ። በሽታው «የነጭ አፍንጫ በሽታ» ተባለ፤ አምጪው ፈንገስም «ሱዶጂምኖአስከስ ደስትራክታንስ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጠው። የስሙ ሁለተኛ ቃል «አጥፊው» ማለት ነው።

አጥፊው ብርድ ወዳድ ነው። ከሃያ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት አያድግም፤ ስለዚህም የሰውን ገላ አይነካም። የሚመቸው ቀዝቃዛና እርጥብ ዋሻ፣ እንዲሁም በዚያ ዋሻ ለበረዶው ወራት የተኛች የሌሊት ወፍ ቆዳ ነው። የሌሊት ወፍ በበረዶው ወራት የምትበላው ነፍሳት ስለማታገኝ የገላዋን ሙቀት ወደ ዋሻው ሙቀት ታወርዳለች፤ የልቧንም ምት ታዘገያለች። በበጋ ያጠራቀመችውን ጥቂት ስብ እስከ ጸደይ በቁጠባ የምታቃጥለው በዚህ መንገድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ለአጭር ጊዜ ትነቃና ተመልሳ ትተኛለች። ከዚያ ስብ አብዛኛው የሚያልቀው በእነዚህ አጫጭር መንቃቶች ነው።

ፈንገሱ የሚገድለው ይህን ቁጠባ በማፍረስ ነው። የክንፏን ስስ ቆዳ እየበላ ሲገባ የገላዋ ውኃና የጨው ሚዛን ይዛባል፤ ከተገቢው በላይ ደጋግማ እንድትነቃም ያደርጋታል። እያንዳንዱ መንቃት ስቧን ይቀንሰዋል። በመጨረሻ በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ውጭው ገና በረዶ ሳለ፣ ስንቋ ያልቃል። ርሃቡ ከዋሻው አውጥቶ በቀን ብርሃን በበረዶ ላይ ያበራታል፤ የሚበላ ነፍሳት ግን የለም። ስለዚህ በበሽታው የሞተች የሌሊት ወፍ በአብዛኛው የምትሞተው በርሃብና በውኃ ጥማት ነው።

የጉዳቱ መጠን በዱር እንስሳት ታሪክ ከሚጠቀሱት ከባዶቹ አንዱ ነው። በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ በሽታው በደረሰባቸው ስፍራዎች ሦስት ዝርያዎች፣ ማለትም ትንሿ ቡናማ፣ የሰሜን ረጅም ጆሮና ባለ ሦስት ቀለሟ የሌሊት ወፍ፣ ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላይ ቀንሰዋል። በሽታው በ2010 ወደ ካናዳ ተሻገረ። የካናዳ መንግሥትም በ2014 መጨረሻ እነዚህን ሦስት ዝርያዎች በአስቸኳይ አካሄድ ለመጥፋት በተቃረቡት መዝገብ ላይ አሰፈራቸው።

አልበርታ ጊዜ ያገኘች መስሎ ነበር። አውራጃው በ2010 የካዶሚን ዋሻን ለጎብኚዎች ዘጋ፤ ምክንያቱም ፈንገሱ በጫማ፣ በገመድና በልብስ ሊጓዝ ስለሚችል ነው። ከአውሮፓ ወደ ኒው ዮርክ የተሻገረውም በሰው ዕቃ ላይ ሳይሆን እንዳልቀረ ሳይንቲስቶች ይገምታሉ። በ2016 ፈንገሱ ቀደም ሲል ከታወቀበት ስፍራ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘልሎ በዋሽንግተን ግዛት ተገኘ። በ2022 ደግሞ በአልበርታ ከተሰበሰበ የሌሊት ወፍ ኩስ ውስጥ ምልክቱ ወጣ። በሩ ከሁለት አቅጣጫ ተከፈተ ማለት ነው።

በምዕራቡ ክፍል ፈንገሱን መዋጋት ከምሥራቁ ይልቅ ያስቸግራል። በምሥራቅ በሺህ የሚቆጠሩ የሌሊት ወፎች በአንድ ዋሻ ስለሚያድሩ ቢያንስ የት እንዳሉ ይታወቃል። በአልበርታና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግን አብዛኞቹ በጥቂት በጥቂቱ ተበትነው በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ስለሚተኙ፣ ሊያክማቸው የሚሻ ሐኪም እንኳ አድራሻቸውን አያውቅም። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተመራማሪዎች በጎ ባክቴሪያዎችን በዱቄት መልክ በበጋ መጠለያዎቻቸው በመርጨት የክንፋቸውን ቆዳ ፈንገሱን እንዲቋቋም ለማድረግ እየሞከሩ ነው። ሙከራው ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን አንድን አህጉር የሚያድን መድኃኒት አይደለም።

እውነተኛው ተስፋ ያለው በተረፉት ዘንድ ነው። በኒው ዮርክና በቬርሞንት ከመቅሠፍቱ የተረፉ ትንንሽ መንጋዎች ዓመት እየቆጠሩ ነው። አንዳንዶቹ ወፍራም ስብ ይዘው ወደ እንቅልፍ የሚገቡ፣ አንዳንዶቹም በሽታውን የሚቋቋም ውርስ ያላቸው ይመስላል። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ከባድ ነው፦ ከበሽታው የተረፈች አንዲት እናት የሌሊት ወፍ ለዝርያዋ መድኃኒቱን የተሸከመች ልትሆን ትችላለች። እርሷን በተርባይን፣ በመርዝ ወይም በመጥረጊያ መግደል መድኃኒቱን መድፋት ነው።

የነፋሱ ምሰሶና የሌሊቱ ተጓዥ

ሁሉም ዝርያዎች ዋሻ አይገቡም። ሽበታሟና ብርማ ጠጉሯ የሌሊት ወፍ በዛፍ ላይ የሚያድሩ መንገደኞች ናቸው። ብርዱ ሳይመጣ ወደ ደቡብ ይሰደዳሉ፤ ስለዚህ ነጩ ፈንገስ ብዙም አያገኛቸውም። ከዋሻ ሞት ያመለጡት እነዚህ ናቸው በደቡብ አልበርታ ከተርባይን የሚጋጩት።

በካናዳ የመጀመሪያው ለንግድ የዋለ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በ1993 ከካልጋሪ በስተ ደቡብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በፒንቸር ክሪክ አቅራቢያ በካውሊ ሸንተረር ላይ ነበር። ካልጋሪ በዚህ ኮራች። ከ2001 ጀምሮም የከተማዋ ባቡር፣ ሲ-ትሬን፣ የሚጠቀምበትን ኤሌክትሪክ የሚተካ የነፋስ ኃይል በመግዛት በሰሜን አሜሪካ ፈር ቀዳጅ ተባለች። በየማለዳው ወደ ሥራ የሚሄደው ተሳፋሪ የነፋሱን ጉዞ ያውቃል፤ በሌሊት በዚያው ነፋስ ላይ የሚበረውን መንገደኛ ግን አያውቅም።

በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ሊቅ የሆኑት ሮበርት ባርክሌይና ባልደረቦቻቸው በ2007 ባወጡት ጥናት ከተለያዩ የነፋስ ማመንጫዎች የተሰበሰበውን መረጃ አመሳክረው አንድ የሚያሳስብ ነገር አገኙ። ምሰሶው ሲረዝም የሚሞቱት ወፎች ቁጥር አልጨመረም፤ የሚሞቱት የሌሊት ወፎች ቁጥር ግን በፍጥነት አሻቀበ። ቴክኖሎጂው ይበልጥ በተሻሻለ ቁጥር ለሌሊት ወፍ ይበልጥ አደገኛ ሆነ ማለት ነው።

በቀጣዩ ዓመት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤሪን ቤርዋልድና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ምዕራብ አልበርታ በተርባይን ሥር የተገኙ በድኖችን መረመሩ። ብዙዎቹ ከውጭ ቁስል ሳይኖርባቸው በውስጣቸው ደም ፈስሶ ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያብራሩት፣ ፈጥኖ ከሚሽከረከረው የተርባይን ክንፍ ጀርባ ያለው የአየር ግፊት በድንገት ወርዶ ሳንባቸውን ያፈነዳል በማለት ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግፊቱ ያን ያህል ገዳይ ስለመሆኑ ተጠራጥረው፣ በክንፉ መመታት ዋናው ምክንያት ነው ወደሚለው አዘንብለዋል። ይህ የሳይንስ ወግ ነው፤ ሐሳብ ቀርቦ ይፈተናል። በድኖቹ መኖራቸው ግን አላከራከረም። የክንፉ ጫፍ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ሲከንፍ፣ በድምፅ ነጸብራቅ አካባቢዋን የምትቃኝ ፍጡር የቆመውን ምሰሶ ብታውቅም ከላይ የሚወርደውን ክንፍ ለማምለጥ ጊዜ የላትም።

የዚህ ድምር ውጤት ቀላል አይደለም። በ2017 የወጣ የአሜሪካና የካናዳ ተመራማሪዎች ስሌት፣ ሞቱ በዚሁ ከቀጠለ የሽበታሟ የሌሊት ወፍ ቁጥር በሃምሳ ዓመት ውስጥ እስከ ዘጠና በመቶ ሊያሽቆለቁል እንደሚችል አመልክቷል። በካናዳ የዱር ፍጥረታትን ሁኔታ የሚመዝነው የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2023 ሽበታሟን፣ ብርማ ጠጉሯንና ምሥራቃዊቷን ቀይ የሌሊት ወፍ ለመጥፋት የተቃረቡ ናቸው ሲል ፈርጇቸዋል። ዋሻ የሚገቡት በፈንገስ፣ ዋሻ የማይገቡት በተርባይን፤ ማምለጫው ከሁለቱም ወገን እየጠበበ ነው።

ስሌቱ የሚናገረው

በዚህ ላይ ነው የምህንድስና ዕውቀት ከጸሎት የሚበልጥ ሥራ የሚሠራው። የሌሊት ወፎች በብዛት የሚሞቱት ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ሞቱ የሚበረታው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው የስደት ወቅት፣ በሌሊት፣ ያውም ነፋሱ በረጋባቸው ሌሊቶች ነው። ብርቱ ነፋስ ሲነፍስ እነርሱም እንደ ልብ አይበሩም።

ነፋስ የሚሸከመው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በእኩል መጠን አያድግም፤ በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። በሰከንድ 4 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ አራት በአራት በአራት፣ ማለትም 64 አሐድ ኃይል አለው ብንል፣ በሰከንድ 5.5 ሜትር የሚጓዘው 166 ያህል፣ ብዙ ተርባይኖች ወደ ሙሉ አቅማቸው የሚጠጉበት የ12 ሜትር ነፋስ ደግሞ 1,728 ይኖረዋል። እንግዲህ በ4 ሜትር ፍጥነት ያለው ነፋስ ከብርቱው ነፋስ ኃይል አራት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በ5.5 ሜትር ያለውም አሥር በመቶ አይደርስም። ተርባይኑ በረጋ ሌሊት ሲሽከረከር ሁኔታው ገዢ በሌለበት ሌሊት መብራት አብርቶ ሱቁን ከፍቶ እንደሚያድር ነጋዴ ነው። ገቢው ኢምንት ሆኖ ሳለ ለሌሊት ወፍ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከፍተኛ ነው።

ቤርዋልድና ባርክሌይ ይህን በተግባር ፈተኑት። ከኃይል ኩባንያ ጋር ተባብረው በደቡብ ምዕራብ አልበርታ አንዳንድ ተርባይኖች ማመንጨት የሚጀምሩበትን የነፋስ ፍጥነት ከ4 ወደ 5.5 ሜትር በሰከንድ ከፍ አደረጉ፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ የክንፎቹን አቅጣጫ አዙረው በረጋ ነፋስ እንዳይሽከረከሩ አደረጉ። በ2009 የታተመው ውጤት በሁለቱም መንገድ የሌሊት ወፎች ሞት በስድሳ በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳየ። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የተደረገና በ2011 የታተመ ተመሳሳይ ሙከራ ሞቱ ከ44 እስከ 93 በመቶ እንደቀነሰ፣ በዓመት የታጣው ኃይል ግን ከአንድ በመቶ እንደማይበልጥ መዘገበ።

አዲስ ማሽን አልተፈለሰፈም። አንድም ምሰሶ አልተነቀለም። የተለወጠው በመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ውስጥ የተጻፈ አንድ ቁጥር ነው።

ተቃውሞውና መልሱ

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች ተገቢ ክብደት ሊሰጣቸው ይገባል። የመጀመሪያው የአየር ንብረት ነው። አልበርታ በ2024 በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጨትን አቁማለች፤ በዚህም ነፋስ ድርሻ አለው። የሌሊት ወፍን ምክንያት አድርጎ ነፋስን መቃወም ጭሱን መመለስ ነው ይላሉ ተቺዎች። እውነት አላቸው፤ ስለዚህም መከራከሪያው ተርባይን ይነቀል የሚል አይደለም። በዓመት ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ፣ በሌሊት፣ ነፋሱ ሲረጋ ይቁም ነው። ከአንድ በመቶ ያነሰ ኃይል በመተው አንድን ዝርያ ማዳን የነፋስን ኃይል ስም ያድሳል እንጂ አይጎዳውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የደንብ ጉዳይ ነው። አልበርታ በ2013 ያወጣችው መመሪያ አለ፤ ኩባንያዎችም ከግንባታ በፊትና በኋላ ይከታተላሉ፤ ተጨማሪ ግዴታ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የአሁኑ አካሄድ በዋናነት መጀመሪያ በድን ይቆጠር፣ ቁጥሩ ከበዛ ማስተካከያ ይጠየቅ የሚል ነው። በዓመት ብዙ ለምትወልድ ፍጡር ይህ ሊበቃ ይችል ነበር። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ለምትወልድ ግን ቆጠራው ሲያልቅ የሚድነውም ያልቃል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ በስደት ወቅት በረጋ ሌሊት መቆም መነሻው ይሁን፤ ስፍራዬ አደጋ የለውም የሚል ኩባንያ በማስረጃ አሳይቶ ይፈቀድለት።

አውራጃው ደንብ ማውጣት ሲፈልግ እንደሚችልም ታይቷል። ከነሐሴ 2023 እስከ የካቲት 2024 አዳዲስ የታዳሽ ኃይል ፕሮጀክቶችን ማጽደቅ ለሰባት ወር ያህል አቁሞ ነበር። እገዳው ሲነሣ ጎልቶ የወጣው የእርሻ መሬትና የተራሮች ዕይታ ጥበቃ ነበር፤ ከተጠበቁ ስፍራዎችና ውብ ተብለው ከተለዩ መልክዓ ምድሮች ዙሪያ የ35 ኪሎ ሜትር ክልል ተበጀ። ቱሪስት በቀን ለሚያየው ተራራ ይህን ያህል ከታሰበለት፣ በሌሊት ለሚያቋርጠው ሕይወት አንድ ቁጥር መለወጥ ይበዛል ማለት ያስቸግራል።

ዛፉና ኮርኒሱ

መንግሥትና ኩባንያ ብቻ አይደሉም ተጠያቂዎቹ። በቦውና በኤልቦ ወንዞች ዳር የቆሙት ያረጁ ዛፎች፣ ቅርፊታቸው የተላጠና ግንዳቸው የቦረቦረ ሳይቀር፣ ለሌሊት ወፍ ማደሪያ ናቸው። የሞተ ዛፍ ለከተማ ነዋሪ ቆሻሻ ቢመስልም ለእርሷ ቤት ነው። ሰውን በማያሰጋበት ስፍራ መተው ዋጋ አይጠይቅም።

ትንሿ ቡናማ የሌሊት ወፍ ደግሞ በበጋ ከሰው ጋር መኖርን ትመርጣለች። እናቶች ተሰብስበው የሚወልዱት ብዙ ጊዜ በሞቀ ኮርኒስ ውስጥ ነው። በካልጋሪ ቤት የገዙ፣ ጣሪያ የሚጠግኑና በግንባታ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በሰኔና በሐምሌ ቀዳዳውን መድፈን እናቶቹን ውጭ አስቀርቶ መብረር ያልቻሉትን ግልገሎች ውስጥ በርሃብ መግደል ነው፤ ሽታውም ለባለቤቱ ይተርፋል። ተገቢው መንገድ ግልገሎቹ መብረር ከቻሉ በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ መውጣት እንጂ መመለስ የማያስችል መውጫ አበጅቶ ከዚያ ቀዳዳውን መድፈን ነው። በአቅራቢያው የእንጨት ሣጥን መስቀል ደግሞ ምትክ ቤት መስጠት ነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የሌሊት ወፍ የእብድ ውሻ በሽታን ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ጥቂቶቹ ብቻ ቢይዙትም በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው። በባዶ እጅ አትነካም። የነከሰችው ወይም ተኝቶ ሳለ በክፍሉ ያገኛት ሰው ሳይውል ሳያድር፣ በአልበርታ በ811 ደውሎ፣ የሕክምና ምክር መጠየቅ አለበት። እርሷን መጠበቅና ከእርሷ መጠንቀቅ አይጋጩም።

ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?

ለአንዲት ትንሽ ፍጡር ይህ ሁሉ ክርክር ለምን የሚል አንባቢ ይኖራል። በ2011 የወጣ ስሌት የሌሊት ወፎች ለአሜሪካ ግብርና በተባይ ማጥፋት የሚሰጡትን አገልግሎት በዓመት ከ3.7 እስከ 53 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ግምቱ ሰፊ ነው፤ ትንሹ ጫፍ እንኳ ግን ትንሽ አይደለም።

ከገንዘብ በላይ የሚያስደነግጠው በ2024 በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ባለሙያ ኤያል ፍራንክ ጥናት ነው። ነጩ አፍንጫ በደረሰባቸው የአሜሪካ ወረዳዎች ገበሬዎች የሌሊት ወፎችን ሥራ በመርዝ ለመተካት የፀረ ተባይ አጠቃቀማቸውን በ31 በመቶ ገደማ ጨመሩ። በእነዚሁ ወረዳዎች ከአደጋ ውጭ በሆነ ምክንያት የሚደርሰው የሕፃናት ሞት በስምንት በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ይህ በአኃዛዊ ንጽጽር የተገኘ ውጤት ስለሆነ ሌሎች ተመራማሪዎች መፈተናቸው ተገቢ ነው። ከተረጋገጠ ግን ትምህርቱ ከባድ ነው፦ በጨለማ የሚሠራ ሠራተኛ ሲሞት ደመወዙን ሌላ ሰው ይከፍላል፤ ከፋዩም አንዳንዴ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው።

ከፒንቸር ክሪክ እስከ አዳማ

ጉዳዩ የካናዳ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኢትዮጵያ በአዳማ አንድ 51፣ በአሸጎዳ 120፣ በአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን ከ2012 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ተክላለች፤ ሌሎችም ተከትለዋል። የነፋስ ኃይል ለአገሪቱ ተገቢ ምርጫ ነው፤ በድርቅ ወራት ውኃ ሲጎድል ነፋስ ያግዛል። ይሁን እንጂ አልበርታ ከአሥር ዓመት በላይ በድን ቆጥራ የተማረችውን ትምህርት ኢትዮጵያ በነጻ ልትወስደው ትችላለች። ከምሰሶው ሥር በድን የሚፈልግ ሰው መመደብ፣ የተገኘውን ለሕዝብ ማሳወቅ፣ ሞቱ በሚበረታባቸው ወራት መነሻውን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ውድ ሥራ አይደለም።

ነጩ ፈንገስ እስካሁን የሚታወቀው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ነው። የኢትዮጵያ ዋሻዎች በአብዛኛው ሞቃት መሆናቸው መከላከያ ሊሆናቸው ይችላል፤ ሆኖም የደጋው ብርድ ስላለ መጠንቀቅ አይከፋም። በባሌ የወይብ ወንዝ ጠርቦ ያበጀው፣ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ ምእመናን የሚሳለሙት ሶፍ ዑመር ዋሻ የሌሊት ወፎች መኖሪያ ነው። ከካናዳ ወይም ከአሜሪካ ዋሻ ጎብኝቶ አገሩን ለማየት የሚሄድ ሰው ያንኑ ጫማ ተጫምቶ ሶፍ ዑመር ባይገባ ለራሱም ለአገሩም መልካም ያደርጋል። ጫማን አጥቦ መሄድ ወይም ሌላ መጫማት ቀላል ሥራ ነው። የፈንገሱ ታሪክም የሚያስተምረው አንድ ያልታጠበ ጫማ አህጉር ሊያሻግረው እንደሚችል ነው።

ነጩን አፍንጫ በአዋጅ ማስቆም የሚችል መንግሥት የለም። ሥራውን በዓለት ስንጥቅ ውስጥ፣ በጨለማና በብርድ ይሠራል። ለዚህ ሰው አይወቀስም። በረጋ የነሐሴ ሌሊት ለጥቂት ኪሎ ዋት ሲል የሚሽከረከረው ክንፍ፣ በሰኔ የሚደፈነው ኮርኒስና ያለ ምክንያት የሚቆረጠው አሮጌ ዛፍ ግን ሁሉም ባለቤት አላቸው፤ መፍትሔያቸውም ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል። መፍትሔው ታውቆ ሳለ የሚደርስ ሞት ከበሽታው አይቆጠርም፤ ሰው የመረጠው ሞት ነው።